ባሌ ያላነበባቸው ልብ ወለዶች

የፍቅር ልብ ወለድ ጸሐፊ ነኝ። ስንት መጽሐፍ እንዳወጣሁ ሲጠይቁኝ «ሃያን ካለፍኩ ወዲህ መቁጠር ትቻለሁ» እላለሁ፤ እውነትም ትቻለሁ። ድሬዳዋ ላይ ግን ከጸሐፊነቴ ይልቅ የምታወቀው በሾፌሩ ሚስትነቴ ነው። ባሌ ወገቡን አሞት እስኪያቆም ድረስ በጅቡቲ መስመር ተሳቢ ሲነዳ የኖረ ሶማሌ ነው። ቤታችን ውስጥ ልጆቹን በኦሮምኛ እንቆጣለን፣ እኔና እሱ በሶማሊኛ እንጣላለን፣ በአማርኛ እንታረቃለን። አማርኛ ይናገራል እንጂ ፊደሉን አልቆጠረም። ቁርኣኑን በዐረብኛ፣ ሶማሊኛውን በላቲን ያነባል። ስለዚህ ከጻፍኩት ሁሉ አንድ ገጽ እንኳ አንብቦልኝ አያውቅም። ቅር ይለኝ ነበር፤ ግን «ለኔ ስትል ፊደል ተማር» ብሎ መለመን ለኔ ዓይነቷ ኩሩ አይሆንም።

እኔ መጽሐፌን እዚህ ከዚራ ሰፈር፣ በረንዳችን ላይ ጽፌ ልሰደው እንጂ ከዚያ በኋላ የሚሄድበትን መንገድ የምታውቀው ድሬ ናት። ታይዋን ገበያ ልብስ የምትሸጥ የባሌ ጓደኛ ሚስት አለች። አዲስ መጽሐፍ ሳወጣ ገዢ እስኪመጣላት እያነበበች ምሳ ላይ ለባሏ ትተርክለታለች። እሱ ደግሞ ከሰዓት በርጫ ላይ፣ ሙቀቱ ሰውን ሁሉ ቤት ሲከት፣ ለጓደኞቹ በሶማሊኛ ይተርካል። «ወሬ ሲነግሩህ ሐሳብ ጨምርበት» ይባላል፤ እነዚህ ጫትም ይጨምሩበታል።

የመጨረሻው መጽሐፌ ስለ አንድ ሾፌር ነበር። ሚስቱ ገና መጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ትሞትበታለች። ከዓመታት በኋላ ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ፣ አንዲት ሻይ ሻጭ ያገኛል፤ ይዋደዳሉ። በቃ ይኸው ነው። ታሪኩ ከታይዋን ተነስቶ በርጫው ቤት እስኪገባ ግን የሚስትየው ሞት መንገድ ላይ ወደቀ። የቀረው ድሬ ላይ ሚስቱን አስቀምጦ ደወሌ ላይ ሌላ ሴት የያዘ ሾፌር ነው። የጻፈችው ማን ናት? የሾፌር ሚስት። ከዚህ ወዲያ ምስክር ማን ይፈልጋል!

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ቀፊራ ገበያ ሽንኩርት የምትሸጥልኝ ሴትዮ «አይዞሽ እህቴ፣ ወንድ ያው ወንድ ነው» ብላ ሁለት ራስ ስትመርቅልኝ እንኳ ደስ ብሎኝ ተቀብዬ ሄድኩ። ነገሩ የገባኝ ባሌ ከበርጫው አቋርጦ ሲመጣ ነው።

«እኔ ደወሌ ላይ ሴት አለችኝ?»

«ማን አለ?»

«አንቺ ነሻ! በመጽሐፍሽ። አገር ሁሉ ሰምቶ እኔ ብቻ ቀረሁ።»

ላስረዳው ሞከርኩ፤ አልሰማኝም። «የስምንት ልጅ አባት ሆኜ ይሳቅብኝ? ወላሂ፣ ሁለተኛ እንዳትጽፊ» አለና ፍራሹን አውጥቶ ሳሎን ዘረጋ። ስምንት ልጅ የለንም፤ ሲናደድ ቁጥር ይበዛበታል። በሌላ ጊዜ ቢሆን እስቅ ነበር። ያን ቀን ግን ተናደድኩ፤ ከመናደዴም በላይ ፈራሁ። መጻፍ ብተው እኔ እኔን አልሆንም፤ እሱን ባጣም እንደዚያው።

ከዚያ ወዲህ አፍሮ በርጫ መሄድ ተወ። በማግስቱ ከሰዓት ሽርጡን አሸርጦ በረንዳው ላይ ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። መጽሐፉን ይዤ ሄድኩና «ፈርደህብኛል፤ ክሱን ግን አልሰማህም» ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። አማርኛውን እያየሁ በሶማሊኛ ነው የምነግረው። የኔ ሶማሊኛ ደግሞ የጸብ ሶማሊኛ ነው፤ ለፍቅር ሲሆን ያጥረኛል። ሾፌሩ ሚስቱን ሲቀብር «አዘነ» ለማለት ከየትም አምጥቼ አንድ ቃል ሰነቀርኩበት።

«እንደሱ አይባልም» አለ፣ ሳይዞር። ትክክለኛውን ነገረኝ። ትንሽ ቆይቶ «እና ሞተች?» አለ።

«ሞተች።»

«ምን አድርጋ ነው የገደልሻት?»

«ገድያት እንዲህ ካሙህ፣ በሕይወት ብተዋትማ ምን ሊሉህ ነበር?»

ትከሻው ሲነቃነቅ አየሁ። እየሳቀ ነበር።

ከዚያ በኋላ ከሰዓቱ ሁሉ የንባብ ሆነ። ፍራሹ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከእለታት አንድ ቀን የታይዋኗ ነጋዴ ባል «ዋርያ፣ ምነው ጠፋህ?» እያለ በር ላይ ቆመ። ባሌ ሰላምታውን እንኳ ሳይመልስ «ሚስቱ ሞታለች!» አለው።

«የማን ሚስት?» አለ ሰውየው ደንግጦ።

«የሾፌሩ ናታ! አቦ፣ የማታውቀውን አታውራ። ሚስትህ ስታነብልህ አታንቀላፋ።»

እንዲህ እያልን የመጨረሻው ምዕራፍ ደረስን። ሾፌሩ ጅቡቲ ገብቶ ቀርቷል። ሻይ ሻጯ የምታፈላው ሻይ የለም፤ ብርጭቆ ታጥባለች። የታጠበውን መልሳ ታጥባለች። መኪና በመጣ ቁጥር ቀና ሳትል በሞተሩ ድምፅ ብቻ «እሱ አይደለም» ትላለች። እዚህ ላይ ባሌ እጁን መጽሐፉ ላይ ጫነው።

«ይቺ ሻይ ሻጭ አንቺ ነሽ» አለኝ፤ በአማርኛ።

ቀና ብዬ አየሁት።

«ከመንገድ ስመጣ ሁልጊዜ ወረቀት ላይ ተደፍተሽ ነው የማገኝሽ። ሥራሽን ስለምትወጂ ይመስለኝ ነበር።»

«እወደዋለሁ። ግን እጄን አጣጥፌ ከተቀመጥኩ መኪናህ ሲገለበጥ ይታየኛል። ስለዚህ ወረቀት ላይ ሰው አጋባለሁ።»

በረንዳው ግድግዳ ላይ ወዳለው የመጻሕፍቴ መደርደሪያ ዞረ፤ እነዚያን መጻሕፍት ከዚያ ቀን በፊት እንዲያ ሲያያቸው አይቼው አላውቅም።

«ያ ሁሉ?»

«ያ ሁሉ።»

ወገቡን ይዞ ተነሳ። ከጥግ በኩል፣ ሽፋኑ የደበዘዘውን፣ የመጀመሪያውን መጽሐፌን አወጣና አቧራውን በሽርጡ ጠርጎ ጭኔ ላይ አስቀመጠው። ወንበሩን ስቦ ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«ይሄን ስትጽፊ እኔ የት ነበርኩ?» አለኝ።