ባለቤቴን የጎተትኳት ቀን

ይሄ የሆነው ባለፈው ዓመት፣ ረመዳን ወጥቶ ጥቂት ሳምንታት እንዳለፉ ነው። ሰው ሲሰማው ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ያን ቀን የሠራሁት ጥፋት ግን እስካሁን ከልቤ አልወጣም።

የሐይቅ ሰው ነኝ። ሰላሳ ዓመት ከደሴ ወልድያ ሚኒባስ ነድቻለሁ። ዕድሜዬ ከሰባ በላይ ነው፤ ትክክለኛውን ጉልበቴ ያውቀዋል። ባለቤቴን ዘይነባን የሚያንቀጠቅጥ በሽታ ይዟታል። ከመንቀጥቀጡ የባሰው ግን መቆሟ ነው። እየሄደች ሳለ እግሯ መሬት ላይ የተሰፋ ይመስል ቀጥ ይላል። ደሴ ያያት ሐኪም "አልጋ ላይ እንዳትቀር፣ በየቀኑ ትንቀሳቀስ፤ ሙዚቃም ይረዳታል" አለን።

ልጃችን ሰዓዳ ይሄን ስትሰማ ታንጎ አመጣችብን። ቤይሩት ስትሠራ አሠሪዋ ይሄን የአርጀንቲና ዳንስ ቤቷ ውስጥ ታስተምር ነበር፤ ሰው ሲጎድል ሰዓዳን ታስገባታለች። ወንድና ሴት ደረት ለደረት ገጥመው የሚራመዱበት ዳንስ ነው። ከአርባ ዓመት በላይ ስንኖር ሰው ፊት እጇን ይዤ የማላውቅ ሰውዬ፣ በልጄ ፊት እቀፋት ተባልኩ። በሩን ዘግተን፣ መጋረጃውን ጋርደን ጀመርን።

የመጀመሪያዎቹ ወራት መራመድ ብቻ ነበር። ዘይነባ ከእኔ ጋር ስትራመድ መቆሙ ቀነሰላት። ከዚያ ሰዓዳ "አሁን መካከለኛ ደረጃ ገብታችኋል" አለች። ከስድስተኛ ክፍል የቀረሁት ሰውዬ በስተርጅና ክፍል ተዛወርኩ።

መካከለኛው ደረጃ ላይ ሴቷ በእግሯ ስምንት ቁጥር ትሠራለች። ወንዱ በደረቱ ያዞራታል፤ ትከሻው አይነቃነቅም። የወሎ ትከሻ ግን ሙዚቃ ሰምቶ ዝም አይልም። የእኔ በዘለለ ቁጥር ዘይነባ የቱን እንደምትከተል ይጠፋታል።

"አንተ ሰውዬ፣ ትከሻህን አስቀምጠው። ሠርግ ቤት መሰለህ?" ትለኛለች።

ሌላው ጌጥ የሚሉት ነው። ሴቷ መሀል ላይ ቆም ብላ በእግሯ ጣት መሬቱ ላይ ክብ ትሠራለች፤ ወይም የወንዱን ጫማ ተሻግራ ትረግጣለች። "አባዬ፣ ጌጡ የእማዬ ነው፤ እስክትጨርስ ቁመህ ጠብቃት" ትላለች ሰዓዳ። ለሹፌር ደግሞ ከመቆም የከበደ ሥራ የለም።

ያን ቀን ሰዓዳ ውጫሌ ገበያ ሄዳለች። ጠዋት ዘይነባን አጥቤ፣ አልብሼ፣ መድኃኒቷን ሰጥቼ፣ ልብስ አስጥቼ ዝያለሁ። ቶሎ ጨርሰን ጋደም ልበል ብዬ ሙዚቃውን ከፈትኩ። ስምንቱ መሀል ላይ ቀጥ አለች። ጌጡ ይሁን በሽታው አልጠየቅኩም። "ነይ እንጂ" ብዬ ጎተትኳት። ደረቷ መጣ፤ እግሯ ቀረ። በጉልበቷ ወደቀች፤ የቁም ሳጥኑ ጠርዝ ግንባሯን ለጥቂት ሳታት።

ሳነሳት "ከዛሬ ወዲያ ይብቃኝ" ብላ አልጋዋ ላይ ወጣች።

ሦስት ቀን አልተነሳችም። ሐኪሙ የፈራው ይሄንኑ ነበር። ሰዓዳ ብትለምናት፣ እኔ ወላሂ ሁለተኛ አልጎትትሽም ብዬ ብምል አልሰማችም። "አብሽር፣ አልተቀየምኩህም። እግሬን ግን አላምነውም፤ አንተንም" አለችኝ።

በአራተኛው ቀን ከሰዓት ሙዚቃውን ከፍቼ፣ አልጋዋ ፊት ባዶ አየር አቅፌ ስዞር አየችኝ። ትከሻዬ እንደ ልማዱ ይዘላል። "ጎረቤት ሳያይህ ና ያዘኝ" አለች።

ያዝኳት። ስምንቱ መሀል ላይ እንደገና ቀጥ አለች። እኔም ቆምኩ። ትዕግሥት ተማርኩ ብል ደስ ባለኝ፤ እውነቱ ግን ሦስት ቀን ምግብ አልወረደልኝም፣ የምጎትትበት አቅም አልነበረኝም። ሙዚቃው አልቆ ሌላ ጀመረ። ትንፋሿ ደረቴ ላይ ይሰማኛል። ከዚያ የቀኝ እግሯ ጣት መሬቱን ነካ አደረገ፤ ትንሽ ክብ ሠራ፤ ጫማዬን ተሻግሮ አረፈ።

"ጨረስሽ?" አልኳት።

"ምን ያስቸኩልሃል? ገና ነኝ።"

በሽታው አለቀቃትም፤ እኔም ደክሞኛል፣ አልዋሽም። ያ የጎተታት እጄ ዛሬም ያሳፍረኛል። በር ላይ ስትደርስ ትቆማለች፤ አብሬያት እቆማለሁ፤ ሰዓት አላይም። በጣቷ ነካ ነካ ታደርግና ትሻገራለች። አንዳንድ ቀን አትሻገርም። ያኔ ሁለት በርጩማ አመጣና እዚያው ደፉ ላይ እንቀመጣለን።