ድንኳን ይዞ ወደ ሻላ

ቅዳሜ፣ ንጋት 11፡30፣ አፍንጮ በር

ሾፌራችን ከድር ጡሩንባ ሳይነፋ በራችን ላይ ጠበቀን። እኔ ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ ነቅቻለሁ፤ ባለቤቴ ታዬ ካረፈ ወዲህ እስኪነጋ ተኝቼ አላውቅም። ከኋላ የተጫነው ድንኳን የእሱ ነው። ጡረታ ሲወጣ ከፒያሳ ገዝቶ፣ «ሻላ ዳር አድረን ጎህ ሲቀድ እናያለን» እያለ ሦስት ክረምት አለፈ። የገዛበት ሱቅ ፈርሷል፤ ድንኳኑ ግን ከነማሸጊያው ተቀምጦ ነበር። ሙት ዓመቱን ካወጣን በኋላ ልሂድለት አልኩ። የምፈራው አንድ ነገር ነው፤ ለመጨረሻ ጊዜ ድንኳን ውስጥ የተቀመጥኩት በእሱ ለቅሶ ነው።

ሐሙስ ዕለት ግቢ ውስጥ ተከላውን ስለማመድ፣ ጎረቤቴ ጽጌ የድንኳኑን ጫፍ በአጥሩ ላይ አየችው። ነጠላዋን አዘቅዝቃ እያለቀሰች ገባች።

«ማን ነው? ማን ሞተብን?»

«ማንም አልሞተም። ሐይቅ ዳር ላድርበት ነው።»

እንባዋን ጠረገች። «አንቺ ሴትዮ፣ እንባዬን በከንቱ አስፈሰስሽኝ! እንግዲያው ብቻሽን አትሄጂም።»

ይኸው ከፊት ወንበር ተቀምጣለች። ቸርችል ጎዳናን ቁልቁል ስንወርድ የመንገዱ መብራት ገና አልጠፋም።

1፡30፣ ሞጆ

ፍርፍርና ሻይ። ጽጌ የእኔንም ጨረሰችው።

4፡30፣ ዝዋይ

ከመቂ ጀምሮ መንገዱ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ተቆልሏል። የተጠበሰ ዓሣ በዳጣ በላን።

«እትዬ ጽጌ፣ መኪናው ከበደው» አለ ከድር። «ዓሣው ነው ወይስ እርስዎ?»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ!»

8፡00፣ ሻላ

ከፓርኩ በር ወዲያ ሰጎኖች መንገዱን አቋርጠው አለፉ። ከኮረብታው ላይ ስንደርስ ሐይቁ ድንገት ተዘረጋ፤ ሰፊ፣ ወደ ጥቁር የሚያደላ ሰማያዊ። አብሮን የመጣው የፓርኩ ጠባቂ «ዳር ዳሩን ይሂዱ፤ ከዚያ ወዲያ መሬቱ ይከዳዎታል» አለኝ። ፍል ውሃው ከሐይቁ ጋር በሚቀላቀልበት ቦታ እግራችንን ነከርን። ጽጌ ምንጩ ውስጥ እንቁላል ቀቀለች።

10፡00

ድንኳኑን ራሴ ተከልኩት። ጽጌ «ለእኔ መኪናው ይበቃኛል» ብላለች። ስጨርስ ከድር ዞሮ ዞሮ አየው።

«እትዬ፣ በሩን ወደ መንገዱ ያደረጉት ማን ይመጣል ብለው ነው?»

የዕድር ድንኳን በሩ ወደ መንገድ ነው፤ ለቀስተኛ እንዲገባበት። ታዬ የሞተ ጊዜ ሦስት ቀን ፍራሽ ላይ ተቀምጬ ያንን በር ሳይ ነበር። ሰው በገባ ቁጥር እንደ አዲስ አለቅሳለሁ።

ካስማዎቹን አንድ በአንድ ነቀልኩ። ከድር ሊያግዘኝ ሲመጣ ጽጌ «ተዋት» አለችው። በሩን ወደ ውሃው አዞርኩት።

እሑድ፣ ጠዋት 2፡30

«ተነሽ እንጂ! ፀሐይ እኮ አናት ልትበሳ ነው!»

ጽጌ ዚፑን ከፍታ ቆማለች። ከኋላዋ ሐይቁ ያብረቀርቃል።

ጎሁ ከቀደደ ቆይቷል። ተኝቼ አላየሁትም።