ከሰው ሆድ ወጣ የተባለው ዓሣ

ነገሩ የሆነው አምና ክረምት፣ ሰሊጥ በሚታረምበት ወቅት፣ ኮኪት ላይ ነው። እስካሁን ሳስበው ደሜ ይፈላል። ፊደል ስላልቆጠርሁ የምለውን የምትጽፈው የልጄ ልጅ ናት።

አንድ ቦታ መቀመጥ አይሆንልኝም። መተማ ዮሐንስ ካለችው ልጄ ገንዳ ውሃ ወዳለው ልጄ ስሄድ ዝናቡ በረታና መኪናው መንገድ ላይ ኮኪት ሲቆም ወርጄ ከአንድ ሻይ ቤት ዳስ ተጠለልሁ።

ዳሱ ውስጥ አንዲት ሴት ተኝታለች። ትርፌ ትባላለች፤ ከባሏ ከደሴ ጋር ለአረም ከደጋ የመጣች ናት። ትኩሳቱ አልለቅ ብሏት ሰውነቷ አልቋል፤ ሆዷ ብቻ ተነፍቷል። እኛ ቆላ የኖርን ሰዎች ይህን እናውቀዋለን፤ ካላዛር ነው። ሐኪም ቤት መርፌ እየተወጋ ስንቱ ድኗል።

ደሴ ግን አልወሰዳትም። አጠገቡ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ ተቀምጦ ከጨርቅ የፈታውን ደረቅ ነገር ያሳያል። ፊት አለው፤ ሁለት ዓይን የሚመስል፣ የተከፈተ አፍ፣ ክንፍ፣ እንደ አለንጋ የቀጠነ ጅራት።

«ይኸን ከአንዲት ሴት ሆድ ነው ያወጣሁት» ይላል። «እሷም ሆድ ያለው የዚሁ ወንድም ነው። መርፌ አይወድም። የወጓት ዕለት ይገድላታል።»

ሰዉ ሁሉ አማተበ። መርፌ የማይወድ በሽታ አለ እየተባለ እኛ አገር ብዙ ሰው ቤቱ ተኝቶ ቀርቷል።

እኔ ልጅ ሆኜ ከእናቴ ጋር ተሰደን ፖርት ሱዳን ኖረናል። ያንን ፍጥረት አጥማጆች ከመረብ እየፈቱ አሸዋው ላይ ሲጥሉት እያየሁ ነው ያደግሁት። የሻርክ ዘመድ ነው ይሉን ነበር።

«እስቲ ላገላብጠው» አልሁ።

«ኧረ እማማ፣ አይንኩት! ይይዝዎታል!» አለ ደሴ።

«እኔን አሮጊቷን ይዞ ምን ሊያተርፍ!»

ነጥቄ ገለበጥሁት። «ይኸው፣ ዓይኑ ያለው ጀርባው ላይ ነው። እናንተ ዓይን ያላችሁት አፍንጫው ነው። የባሕር ዓሣ ነው!» ብዬ ከባልዲ ውሃ ነከርሁት። ጥቂት ቆይቶ ሽታው ዳሱን ሞላው።

አንዱ የቀን ሠራተኛ፣ «አዋቂው፣ ከሆዷ ስታወጣው ጨው ነስንሰህበት ነበር እንዴ?» ሲል ሰዉ በሳቅ ፈረሰ።

ትርፌ ግን አልሳቀችም። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋ፣ «ታዲያ እኔ ውስጥ ምንም የለም?» አለችኝ። ለካ ያ ነገር ይላወሳል ብላ እንቅልፍ አጥታ ኖሯል። ያን ጊዜ ነው ሰውዬው ላይ የጮህሁት። በሰው ላይ ድምፄን ከፍ ማድረግ አላውቅም፤ ያን ዕለት ግን ጎሮሮዬ እስኪዘጋ ጮህሁ።

ዝናቡ ሲያባራ ደሴ ባጃጅ ጠራ፤ ገንዳ ውሃ ሐኪም ቤት ድረስ አብሬያቸው ሄድሁ። ትርፌ ከርማ ዳነች፤ አገሯም ገባች።

ሰውዬው ግን እኛ እሷን ስንደግፍ ዓሣውን ከባልዲው አውጥቶ፣ ጨምቆ፣ በጨርቁ ጠቅልሎ ሄደ። አንድ ሰው እንኳ ወዴት ነህ አላለውም። አሁን ከሁሉ የሚያናድደኝ ይኸ ነው። ይኸኔ አንዱ ዳስ ገብቶ፣ አንዷ በሽተኛ ፊት እየፈታው ይሆናል።