የልጄን ስም የሚያውቀው ሰውዬ

ይሄ ነገር ከደረሰብኝ ሁለት ዓመት ሊሆነው ነው። ልጄ ደህና ናት፤ ምንም አልሆነችም። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ሱቄ የሚገባን ሰው ፊቱን ሳላጠና ማስተናገድ አቅቶኛል። ሰው ይማርበት ብዬ ልጻፈው።

ጅጅጋ ውስጥ ድሪያ የሚባለውን የሶማሌ ሴቶች ቀሚስና ሻሽ እሸጣለሁ። ፌስቡክ የከፈትኩት ለሥራ ነበር፤ አዲስ ዕቃ ሲገባ ፎቶ እለጥፋለሁ፣ ደንበኛ አይቶ ይመጣል። እያደር ግን ዕቃውን ትቼ ቤቴን መለጠፍ ጀመርኩ። ልጄ ማክዳ የኬጂ ዩኒፎርሟን ለብሳ፣ ማክዳ ሻሂ ከምትባለው ድመታችን ጋር፣ ማክዳ ልደቷን ስታከብር። ባለቤቴ ሾፌር ነው፤ ሥራው ሸደር የምትባል ከተማ ስለሆነ ሲሄድ "አባባ ሸደር ሄደብን" ብዬ እጽፋለሁ። ጓደኝነት የጠየቀኝን ሁሉ እቀበላለሁ። ደንበኛ ይሆናል ብዬ ነዋ!

እዚህ ከተማ ሰው በመዝገብ ስሙ ብዙም አይጠራም። ሶማሌ ጎረቤቶችሽ አንድ ምልክት አይተው ቅጽል ያወጡልሻል፤ ከዚያ በኋላ ስምሽ እሱ ነው። ልጄ የፊት ጥርሷ ፍንጭት ስለሆነ "ፈነህ" አሏት፤ በሶማሊኛ ፍንጭት ማለት ነው። ሰፈሩም፣ አስተማሪዋም፣ የሚያመላልሳት ባለባጃጅም ፈነህ ነው የሚሏት። ማክዳ የምንላት እኔና አባቷ ብቻ ነን። ፌስቡክ ላይም የምጽፈው ማክዳ ብዬ ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ደንበኛ እያስተናገድኩ ስልኬ ጮኸ። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ አዴር ዩሱፍ ናቸው። አዴር በሶማሊኛ አጎት ማለት ነው፤ ልጆቹ ሲሏቸው እኛም ለመድነው።

"የፈነህ እናት፣ ልጅሽን የሚወስድ ሰው ልከሻል?"

"ኧረ አልላኩም! ማነው?"

"እንግዲያው ቶሎ ነይ። በሩን ዘግቻለሁ።"

ሱቁን እንኳ ሳልዘጋ ባጃጅ ውስጥ ዘልዬ ገባሁ። ስደርስ ሰውየው ሄዷል። ልጄ ቦርሳዋን አንግታ የአዴር ዩሱፍ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ሮጬ አቀፍኳት።

አዴር የሆነውን ነገሩኝ። ሰውየው ንጹሕ ሸሚዝ የለበሰ፣ አነጋገሩ ትሑት ነው። "የማክዳ አጎት ነኝ፤ አባቷ ከሸደር ደውሎ ውሰዳት ብሎኝ ነው" አላቸው። ሱቄ የት እንደሆነ ያውቃል። ልደቷ መቼ እንደሆነ ያውቃል።

"ማክዳ ማናት አልኩት" አሉኝ አዴር። "ስልኩን አውጥቶ ፎቶ አሳየኝ። ሳየው ፈነህ ናት፤ ቦርሳዋን ይዛ እንድትመጣ አስጠራኋት። ይሄን ሁሉ የሚያውቅ አጎት፣ ፈነህ እንደምትባል እንዴት አያውቅም? ቆይ እናቷ ጋ ልደውል ስለው የመጣበት ባጃጅ ውስጥ ገብቶ ሄደ።"

ልጄ ግን አኩርፋ "ለምን አልሄድኩም? እሱ እኮ ሻሂን ያውቃታል! ድመትሽ ሻሂ ደህና ናት አለኝ" አለችኝ። ያ ቃል እስካሁን ያመኛል።

ለፖሊስ አመለከትኩ። ታርጋውን ያየ ሰው ስላልነበረ ነገሩ እዚያው ቀረ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ ፌስቡኬን ከፈትኩ። ሰውየው የተናገረው ሁሉ እኔው በእጄ የጻፍኩት ነው። ከፎቶዎቹ ሥር "ስታምር!"፣ "እደጊልን" ያሉትን ስሞች አየሁ። ብዙዎቹን አላውቃቸውም፤ አበባ ወይም ኳስ ተጫዋች ለጥፈው ፊታቸው አይታይም። ከነሱ አንዱ ይሆን? ወይስ ያ ሁልጊዜ ዋጋ ጠይቆ ሳይገዛ የሚሄደው ሰውዬ? ባለቤቴ "ሰው ሁሉ ሌባ አይደለም፤ በጥርጣሬ ታብጃለሽ" ይለኛል። እሱ ምን አለበት፣ ሸደር ነው።

ፎቶዎቹን ሁሉ አጥፍቻለሁ። በሰውየው ስልክ ውስጥ ያሉትን ግን ማን ያጠፋልኛል?

በቀደም አንድ ደንበኛ ለሚስቱ ድሪያ ገዝቶ ሊወጣ ሲል ፈገግ ብሎ "ማክዳ እንዴት ናት?" አለኝ። ደግ ሰው ሊሆን ይችላል። እኔ ግን ዓይን ዓይኑን እያየሁ "ማክዳ የምትባል ልጅ የለችኝም" አልኩት።

ስሙን ያወጣሁላት እኔ ነበርኩ። አሁን ሰው ሲጠራው እደነግጣለሁ።