ዋንጫ ያላችሁ ተባበሩን

ነገሩ የሆነው የሚሊኒየሙ በዓል ሊከበር አንድ ሁለት ዓመት ሲቀረው፣ ቆቦ የኮሌጅ ተማሪ ሳለሁ ነው። ከዚያ ዘመን ብዙ ነገር ረስቻለሁ፤ የተማርኩት ሒሳብ እንኳ አሁን ትዝ አይለኝም። ይህን ግን አልረሳሁም፣ ምክንያቱም ጥፋቱ የማንም ሳይሆን የኔው የራሴ ነበር።

በየዓመቱ ትምህርት ሲዘጋ፣ ሌላው ውድድር ሁሉ ካበቃ በኋላ፣ የእኛ ኮሌጅና አንድ የወልድያ ኮሌጅ ብቻቸውን የሚጋጠሙበት የእግር ኳስ ጨዋታ ነበረን። «የወተት ጨዋታ» ነው የሚባለው። ስሙን የሚሰሙ አዳዲስ ተማሪዎች የሆነ የወተት ፋብሪካ ስፖንሰር ያደረገው ይመስላቸዋል። አንዱማ «ድሮ ሜዳው ላይ ላሞች ይታለቡበት ስለነበር ነው» ብሎ ለእኔው ለራሴ ሲያስረዳኝ ሳቄ ሊያመልጠኝ ነበር። ታሪኩን ከምንጩ ስሙት።

የመጀመሪያው ጨዋታ ሲታሰብ እኔ የኮሚቴው ጸሐፊ ነበርኩ። ኳስ አውቄ እንዳይመስላችሁ፣ የእጅ ጽሑፌ ስለሚያምር ነው። ሰብሳቢያችን መምህር ሲሳይ ደግ ሰው ነው፤ ሲቸኩል ግን አያድርስ ነው። ዋንጫው ደሴ ታዟል፣ ስም ይቀረጽበታል ተብሎ ተረጋግተን ተቀምጠናል። ጨዋታው አምስት ቀን ሲቀረው «ቀራጩ ታሟል፣ አይደርስም» የሚል ስልክ መጣ።

«በቃ፣ ከተማው ውስጥ ዋንጫ ያለው አይጠፋም» አለ መምህር ሲሳይ። «የድሮ የቀበሌ ውድድር ዋንጫም ይሁን የትምህርት ቤት፣ የተገኘውን እንዋሳለን። አንቺ ማስታወቂያ ጻፊ።»

ጻፍኩ። «ከወልድያ ለሚመጡ እንግዶቻችን ዋንጫ ስለሚያስፈልገን፣ ዋንጫ ያላችሁ ትተባበሩን ዘንድ በትሕትና እንጠይቃለን።» በጽሑፌ ኮራሁ። በገበያው ቀን ድምፅ ማጉያውን ጋሪ ላይ ጭነን ከከብት ተራ እስከ ሽንኩርት ተራ ስናስነብበው ዋልን።

ጉዱን አያችሁት? ኳስ የሚል ቃል የለበትም! ለእኔ ዋንጫ ማለት አምበሉ ከፍ አድርጎ የሚስመው የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። ለገበያተኛው ግን ዋንጫ ዋንጫ ነው፤ ከቀንድ የተሠራ መጠጫ። በዚያ ላይ እንግዳ ይመጣል ተብሏል። የራያ ሰው፣ እንግዳ መጥቶ መጠጫ አነሰ ሲባል እየሰማ ዝም ብሎ ቤቱ ይገባል እንዴ!

በማግስቱ ኮሌጁ በር ላይ ሰው ተሰለፈ። አንዷ ስድስት ብርጭቆ በሰፌድ ይዛ መጣች። አንዱ የቆርቆሮ ኩባያ አመጣ። ጠላ የሚሸጡ አንዲት እናት ደግሞ «ዋንጫ እንኳ የለኝም የኔ ልጅ፣ ጣሳ ይሆናል?» አሉኝ። ሁሉንም አመስግነን፣ ዞር ሲሉ እየሳቅን ሸኘናቸው።

መጨረሻ ላይ የመጡት አባ ይማም ነበሩ። ሽርጥ ያገለደሙ፣ ቀጠን ያሉ ሽማግሌ ናቸው። ከጎብዬ ወጣ ብላ ካለች መንደር ድረስ ነው የመጡት። በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለውን ፈትተው ሰጡኝ። እውነተኛ የቀንድ ዋንጫ ነው፣ ከመያዝ ብዛት የለሰለሰ። የራያ በሬ ቀንድ መቼም ታውቁታላችሁ፤ በሁለት እጄ ነው የያዝኩት።

«እንግዶቹ ይጠጡበት። ሲጨርሱ ትመልሽልኛለሽ፣ አይደል ልጄ?» አሉኝ።

«በእመቤቴ እመልስልዎታለሁ አባ!»

ሳቁ። «እሷን ከጠራሽማ ምን እጠራጠራለሁ» ብለው ሊሄዱ ዞሩ። ስለ ኳሱ ላስረዳቸው አፌን ስከፍት ነው መምህር ሲሳይ ከኋላዬ መጥቶ ዋንጫውን ከእጄ መንጭቆ የወሰደው። «ይሄ ነው ዋንጫ! ማን እንዲህ ያለ አለው?» እያለ ግቢውን ዞረ። ቀይ፣ ቢጫ፣ አረንጓዴ ጥብጣብ አሰርንበት።

የተስማማነው እንዲህ ነው። ዋንጫው ለሥነ ሥርዓቱ ብቻ ይነሳል፣ ከዚያ ለባለቤቱ ይመለሳል፣ አሸናፊው የደሴውን ሲደርስ ይወስዳል። ይህን ከጨዋታው በፊት ለወልድያ አምበል ሹክ የማለቱ ሥራ የእኔ ነበር።

አልነገርኩትም። ለምን? እናሸንፋለን ብዬ! የደጋ ልጆች የቆቦን ፀሐይ መች ይችሉታል? ከሃያ ደቂቃ በኋላ ምላሳቸው ይወጣል እየተባለ ሳምንቱን ሙሉ ሲወራ ነው የከረመው። ታዲያ ለሚሸነፍ ሰው ስለ ዋንጫ ምን አስወራኝ?

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። የሰኔ ጾም ተፈትቷል፣ ዝናቡ ግን ገና አልገባም፣ ሜዳው አቧራ ብቻ ነው። አባ ይማም ከግራር ሥር ተቀምጠው ሲያዩ አየኋቸው። እንግዶቻቸውን ሊያዩ ነው የመጡት። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ምላሱ የወጣው የእኛ ቡድን ሆነና ሁለት ለአንድ ተሸነፍን።

አምበላቸው ሞላ የሚባል ረጅም ልጅ ነው። ዋንጫውን ተቀበለ፣ ሳመው፣ ከፍ አደረገው። ከዚያ እኔ ከተመልካቹ መሐል ተጋፍቼ ሳልደርስ ተጯጩኸው አይሱዟቸው ላይ ወጡና እየጨፈሩ ሄዱ። ጥብጣቡ ከመኪናው ላይ ሲውለበለብ ይታየኛል።

አባ ይማም ቀስ ብለው መጡ። «ልጄ፣ አጥበው ነው የሚመልሱት?» አሉኝ።

ያኔ እንባዬ መጣ። መምህር ሲሳይ ነገሩን ሲሰማ «አይዞሽ፣ ሰኞ ደብዳቤ እንጽፍላቸዋለን» አለኝ። «እስከዚያ ሰውዬው በደብዳቤ ይጠጡ?» ብዬ መለስኩለት። መምህሬን እንዲያ ስናገር የመጀመሪያዬ ነበር። የአባ ይማምን እጅ ያዝኩና ወደ ወልድያ የሚሄድ ሚኒባስ ላይ ወጣን።

መንገድ ላይ ሁሉንም ተናዘዝኩ። ማስታወቂያውን፣ የኳሱን ዋንጫ፣ ሳልናገር መቅረቴን ሁሉ ነገርኳቸው። እስከ ሮቢት ድረስ ሰሙኝ።

«ካልጠጡበት ታዲያ ምን ያደርግላቸዋል?» አሉ።

«መደርደሪያ ላይ ያስቀምጡታል።»

«ባዶውን?»

«አዎ፣ ባዶውን።»

«አጃኢብ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ በመስኮቱ እያዩ፣ «ዳለቻ ነው እኮ» አሉኝ። ዳለቻ በሬያቸው ነበር። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከብታቸው ሁሉ አልቆ የተረፈላቸው እሱ ብቻ ነው። ዝናብ ሲመለስ የእሳቸውንም የጎረቤቱንም ማሳ ያረሰው፣ ልጆቻቸውን ያሳደገው እሱ ነው። አርጅቶ ሲሞት ከቀንዱ ዋንጫ አሠሩ፣ በየቀኑ ወተታቸውን የሚጠጡትም በእሱ ነው። እኔ ዕቃ የጠፋ መስሎኝ ነበር።

አይሱዙውን ጎብዬ ላይ አንድ ቡና ቤት ፊት ለፊት ቆሞ አገኘነው። ሚኒባሱ በደንብ ሳይቆም ወረድኩ። ተጫዋቾቹ ጠረጴዛ ከበው ቆመዋል፣ ዋንጫው መሐል ላይ ነው። አንዱ ቢራ ከፍቶ ጠርሙሱን ዋንጫው ላይ ዘንበል ሲያደርግ አየሁት።

«እንዳትቀዳ!» ብዬ ጮህኩ።

በሕይወቴ እንደዚያ ጮሄ አላውቅም። ልጁ ደንግጦ ቢራውን ሱሪው ላይ ደፋው። አባ ይማም ሙስሊም ናቸው፤ ያ ቢራ ዋንጫው ውስጥ ቢገባ ኖሮ ከዚያ ወዲያ አይጠጡበትም ነበር። ተንደርድሬ ሄጄ ዋንጫውን በሁለት እጄ ያዝኩ። ሞላም በሌላው በኩል ያዘው።

«ምን ሆነሻል አንቺ? ላባችንን አፍስሰን ያገኘነው ነው!»

«የተዋስነው ነው! የሰው ነው!»

«ታዲያ ከጨዋታው በፊት ለምን አልነገራችሁንም?»

ውሸት ፈለግኩ፣ አልመጣልኝም። «እናሸንፋለን ብዬ ነዋ!» አልኩት።

አንዱ ፈነዳ፣ ከዚያ ሁሉም በሳቅ ወደቁ። ሞላ ግን አልሳቀም፣ ዋንጫውንም አልለቀቀም። ያኔ አባ ይማም ደረሱ። በደኅና ዋላችሁ፣ እንኳን ደስ ያላችሁ ብለው አንድ በአንድ ጨበጧቸው። ሞላ ጋ ሲደርሱ «ቢራ ገብቶበታል?» ብለው ጠየቁት።

«አልገባበትም አባ።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉና ወንበር ስበው ተቀመጡ። ስለ ዳለቻም ለእኔ የነገሩኝን ነገሯቸው። ሞላ እጁ ላላ። ዋንጫውን ትቶ ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ። «ይቅርታ አባ፣ አላወቅንም። ይኸው ይውሰዱ» አለ።

«ሳትጠጡበትማ አልወስድም» አሉ። የቡና ቤቷን ባለቤት ጠርተው ወተት አስፈሉ። በጆግ መጣ። ዋንጫው ታጠበ፣ ተቀዳ፣ መጀመሪያ ለሞላ ተሰጠው። ከዚያ ዞረ። አባ ይማም ለእያንዳንዱ ሲያቀብሉ «የማን ልጅ ነህ? አባትህ የየት አገር ሰው ናቸው?» ይሉታል። ልጁ ይናገራል፣ እሳቸው ፊቱን ትኩር ብለው ያዩታል፣ «ጠጣ ልጄ» ይላሉ። ተቀያሪዎቹም አሠልጣኙም ሾፌሩም ሳይቀሩ ጠጡ። የሽማግሌ ወግ ነው ብዬ ብዙም ልብ አላልኩትም።

ልጆቹ ተሰናብተው ሄዱ። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው። አባ ይማም ዋንጫውን በጨርቁ ሲጠቀልሉ፣ «ያን ሁሉ ሰው የማን ልጅ ነህ እያሉ መጠየቅዎ ለምንድን ነው?» አልኳቸው።

ጥቅሉን ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ። ከዚያ ነገሩኝ። በሰባ ሰባት ዳለቻ ሊሞትባቸው ሲል እየነዱ ከወልድያ በላይ ወዳለው ደጋ ወጡ። በሬው መንገድ ላይ ወደቀ። አንድ የማያውቁት ሰው ከቤቱ ወጣ። የቀረችውን ጭድ ከፍሎ ሰጣቸው፣ ቤቱም አሳደራቸው። ሦስት ሳምንት ተቀመጡ።

«ለራሱ ልጆች የሚያበላው አልነበረውም» አሉኝ። «ለኔ በሬ ግን ጭድ ሰጠ። ዝናብ ሲመለስ ላመሰግነው ብሄድ ቤቱ ተዘግቷል። ጎረቤትም የለ፤ ሁሉም ወደ እርዳታ ጣቢያ ተሰደዋል። ደጋግሜ ሄድኩ፣ አላገኘሁትም።»

«ስሙስ?»

«ነግሮኝ ነበር። ወላሂ ነግሮኝ ነበር። ረሃቡ አስረሳኝ።» ጥቅሉን ዳበስ አደረጉት። «ገበያ ላይ ያ ጩኸት ከወልድያ እንግዳ ይመጣል ሲል፣ ከልጆቹ አንዱ ቢኖርበትስ ብዬ ነው ያመጣሁት። ከዳለቻ ቀንድ ይጠጣ ብዬ።»

«ታዲያ አገኙት አባ?»

«በምን አውቃለሁ ልጄ? ለዚህ አይደል ሁሉንም ያጠጣሁ።»

እዚያው መንገድ ዳር ተቀምጬ አለቀስኩ። «እንዲህ መሆኑን አውቄ ቢሆን…» ስል፣ «አንቺማ ባትሳሳቺ ኖሮ ዋንጫዬ እንደሄደ በጥብጣብ ታስሮ ይመለስልኝ ነበር፣ አንድ ሰው ሳይጠጣበት» አሉኝና ጭራሽ ሳቁብኝ።

በሚቀጥለው ዓመት ማንም ሳይጠራቸው ዋንጫቸውንና አንድ ጀሪካን ወተት ይዘው ሜዳው ላይ ተገኙ። እኛ ነበርን ያሸነፍነው፣ ቀድመው የጠጡት ግን ወልድያዎች ናቸው። አሸነፉም ተሸነፉም እንግዳው ይቀድማል፤ ደንቡ ይኸው ሆነ። የደሴው ዋንጫም ከብዙ ጊዜ በኋላ የቆቦ ስም ተሳስቶ ተቀርጾበት መጣ። የት እንደገባ እንጃ፣ የጠየቀውም የለም። እኔ ተመርቄ ሥራ ከያዝኩ በኋላም ጨዋታው ሲደርስ ፈቃድ እየወሰድኩ እሄድ ነበር። አለቃዬ ኳስ አፍቃሪ ነች ብሎ ያስብ ነበር።

አንድ ዓመት አባ ይማም ታመው ቀሩ፣ ዋንጫውን ልጃቸው አመጣችው። ከጨዋታው በኋላ አብሬያት ሄጄ ጠየቅኳቸው። ድምፃቸው በጣም ደክሟል። ማን እንዳሸነፈ አልጠየቁኝም።

«ሁሉም ጠጡ?» ነው ያሉኝ።

«ሁሉም ጠጡ አባ። ቆሜ አይቻለሁ።»

እጄን ጨበጥ አደረጉት። በዚያው ክረምት አረፉ። አላህ በጀነት ያኑራቸው፤ እንደ አባቴ ነበር የምወዳቸው።

ዛሬ ጨዋታው እንደ ድሮው በየዓመቱ አይደረግም። እኔም ትዳር ይዤ ወልድያ ነው የምኖረው። በጥፋቴ ማፈሬን ከተውኩ ቆይቻለሁ፤ ሳስበው ደስ ይለኛል እንጂ። ግን አንድ አመል አልለቀቀኝም። ከደጋ ለገበያ የወረደ ሽማግሌ ባየሁ ቁጥር ጠጋ ብዬ «አባቴ፣ በሰባ ሰባት ለአንድ የራያ ሰው በሬ ጭድ ሰጥተው ነበር?» ልለው ይቃጣኛል። እብድ እንዳልባል ፈርቼ እስካሁን ዝም ብያለሁ። አንድ ቀን ግን መጠየቄ አይቀርም።