የዛካይ ትከሻ

ኢየሩሳሌም ውስጥ፣ ገበያው አጠገብ ካሉት ጠባብ መንገዶች በአንዱ ሻብታይ የሚባል ልብስ ሰፊ ነበር። እጁ የተባረከ ነው፤ አፉ ግን አያርፍም። ፑሪም በሚባለው የአይሁድ በዓል ቀን ሰፈሩ በሙሉ ጭምብል አጥልቆ ሲወጣ፣ እሱ ሱቁ ደጃፍ ላይ ወንበር አውጥቶ አላፊ አግዳሚውን በስሙ ይጠራል። ለክቶ የሰፋለትን ሰው ገላ እንዴት ይስተዋል?

«አንቺ ንግሥት አስቴር! ቀሚስሽን ሁለቴ ያሰፋሁልሽ አይደለሽም እንዴ?»

ሰዉ በሳቅ ይፈርሳል። ሻብታይ ደግሞ ሲሳቅለት ማቆም አይሆንለትም።

አንድ ዓመት በፑሪም ከምኩራብ መልስ፣ ለድሆች የሚሰጠውን ሳንቲም በሳህን፣ ሚስቱ ናዚማ የጠበሰችውን የአይብ ሳምቡሳ በትሪ አድርጎ ተቀመጠ። በፑሪም እጁን ለዘረጋ ሁሉ ይሰጠዋል፤ ማነህ፣ ምን ጎደለህ ተብሎ አይጠየቅም። ስለዚህ በሌላው ቀን መለመን የሚያፍር ሰው በዚህ ቀን ፊቱን ሸፍኖ ይወጣል። ሻብታይ ይህን ከልጅነቱ ያውቀዋል። የሚያናድደውም ይህን እያወቀ አፉን አለመያዙ ነው።

የሕፃን የአንበሳ ጭምብል ያጠለቀ አንድ ሰው መጥቶ እጁን ዘረጋ። ቀኝ ትከሻው ወደ ታች አዘንብሏል። ያንን ትከሻ ሻብታይ ስንት ኮት ሲሰፋ በጥጥ አስተካክሎታል!

«ዛካይ!» ብሎ ጮኸ። «ወንድሜ፣ አንበሳ ብትሆንስ ያቺን ትከሻ የት ትደብቃታለህ?»

መንገዱ ሁሉ ሳቀ። የተዘረጋው እጅ ትንሽ ቆየና ተሰበሰበ።

«አወቅከኝ» አለ ዛካይ፤ ሳቅ ለመምሰል ሞከረ። «ለጨዋታ ነው እኮ።» ሳምቡሳ እንኳ ሳይቀምስ ሄደ።

ናዚማ ከውስጥ ወጥታ ባሏን አየችው። «ምን አደረግህ አንተ ሰውዬ? የጫማ ሱቁን ዘግቶ ቤት ከዋለ ስንት ጊዜው! ፋሲካ ሊደርስ ነው፣ ምን ይዞ ሊቀበለው ነው?»

«አልነገረኝም!»

«አንተ ሰው እንዲናገር መቼ ፋታ ትሰጣለህ?»

ሻብታይ በማግስቱ ዱቄት፣ ዘይትና ሩዝ ላከ። ዛካይ «ለተቸገረ ስጡት» ብሎ መለሰው። ራሱ ሄዶ በር ቢያንኳኳም «ዛሬ አልተመቸኝም» ተባለ። መንገድ ላይ ሲገናኙ ዛካይ በትሕትና ሰላም ብሎት ያልፋል፤ ቢሰድበው ይሻለው ነበር። ሻብታይ ሥራ አልሆንለት አለ፤ መርፌው ጣቱን ይወጋው ጀመር።

ፑሪም ዞሮ ሲመጣ ወንበሩን አላወጣም። ጭምብል አጠለቀ፣ ገንዘብ በፖስታ አድርጎ ኪሱ ከተተና ወደ ዛካይ ቤት ሄደ። ፖስታውን ሰጥቶ፣ ጭምብሉን አውልቆ፣ እግሩ ላይ ሊወድቅ ነው ሐሳቡ። በሩ ተከፈተ። ዛካይ ከስቷል። ሻብታይ ሰላም ሊለው ባዶ እጁን ዘረጋ።

ዛካይ እጁን አየት አደረገና ከደረት ኪሱ ሳንቲም አውጥቶ መዳፉ ላይ አኖረለት።

«እንካ ወንድሜ» አለ። «ድሃም ቢሆን ዛሬ መስጠት አለበት። ማንነትህን አልጠይቅህም፤ እኔ ጋ አትፈር።»

ከዚያ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው።

ሻብታይ ፖስታውን አላወጣም፤ ጭምብሉንም አላወለቀም። ዛካይ አውቆት ይሁን ሳያውቀው እንደሆነ፣ ደግሞ አንኳኩቶ ለመጠየቅ ድፍረት አጣ። ነገ እመጣለሁ አለ፤ ነገ ሌላ ነገ ወለደ። ፋሲካ ሳይደርስ ዛካይ ሞተ፤ ሻብታይም ይቅር በለኝ ያለው ለመቃብሩ ነው።