የዘይነብ አምባር

ትናንት ኮምቦልቻ ለልጄ ቀለበት ስገዛ፣ ሻጩ በባዘቶ ሲጠቀልልልኝ የዘይነብ አምባር ትዝ አለኝ።

በደርግ ጊዜ፣ በድርቁ ዓመት፣ አባቴ ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ ብር አንጥረኛ ነበር። የገጠር ሴቶች በእህል የለወጡትን ጌጥ ኮምቦልቻ ወዳለ መጋዘን ይልካል፤ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። የምጠቀልለው እኔ ነበርኩ። "ብር ከብር እንዳይፋጭ፣ እያንዳንዱን ለየብቻው" ይለኝ ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ሳጥኑን ስንሞላ፣ ከሳምንት በፊት አምባሯን በማሽላ የለወጠችን ዘይነብ ከቢስቲማ ድረስ በእግሯ ተመልሳ መጣች። ማሽላውን እንዳለ ተሸክማዋለች።

"አባባ፣ በአላህ፣ አምባሬን ይመልሱልኝ። ለልጄ ብዬ ነበር የለወጥኩት፤ አልደረስኩላትም።"

"ልጄ፣ ትናንት ተጭኖ ሄደ" አላት አባቴ።

አምባሩ ግን ጭኔ ላይ፣ በባዘቶ ተጠቅልሎ ነበር። አባቴን አየሁት፤ ዓይኑን ሰበረ። መጠቅለሌን ቀጠልኩ።

ዘይነብ ማሽላውን ደጃፋችን ላይ አስቀምጣ ሄደች። አባቴ ተሸክሞ፣ እየተጣራ እስከ ትልቁ መንገድ ተከተላት፤ ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

ማሽላውን እንደተሸከመ ተመለሰ። "አምባር አይበላም" አለኝ፤ "እሷ እንኳ በልታ ትትረፍ ብዬ ነበር።"

ዛሬ እኔም እናት ነኝ። ያን ቀን አንድ ቃል ብተነፍስ ኖሮ፣ ዘይነብ ባዶ እጇን አትሄድም ነበር።